የፋሲካዋ ደረቅ ጉርሻ

ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ሥር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ የሕንፃው ጥበቃ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። የቀዘቀዘ ሽሮና የአልሙኒየም ሽታ ተቀላቅሎ መጣብኝ። ሰውየው ቀና ብሎ እንደ ወጉ "እንብላ" አለኝ። እኔም እንደ ወጉ "ብላ፣ ይባርክልህ" ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ እሱ ወሰደኝ። "እሺ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ" አልኩት።

ደነገጠ። ቦርሳዋን ያንጠለጠለች ሽበታም ሴትዮ መንገድ ላይ አጉርሰኝ ስትለው ምን ይበል? የምሬን መሆኑን ሲያይ ግን ጠቅልሎ አጎረሰኝ። እያኘክሁ እንባዬ መጣ። "በርበሬው በዛ እንዴ እናቴ?" ብሎ ተጨነቀ። "አዎ፣ በርበሬው ነው" አልኩት። ታክሲውም መጣ።

በርበሬው አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጥር እስከ ፋሲካ ሰሞን በየቀኑ የተሸከምኩት ምሳ ዕቃ ትዝ ብሎኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። አባዬ በአንድ ትምህርት ቤት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። የፈተና ወረቀት የሚያባዛው መኪና ያለበት ክፍል ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበር። ጥር ላይ በሠፈሩ ደርግን የሚቃወም ወረቀት ተበተነ። ማን እንዳባዛው ስላልታወቀ የማባዣ ቁልፍ ያለው ሰው ሁሉ ተለቀመ። ቤታችን የመጡት ሁለት ሰዎች "ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉት። አባዬ ኮቱን ለበሰና የእኔንና የታናሽ ወንድሜን የሚኪን ጉንጭ ስሞ "ለምሳ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። እኔም የምሳ ሰሐኑን አቅርቤ ጠበቅሁት።

ያሰሩት ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የተወረሰ ቪላ ነበር። አጥሩን ቀይ አበባ ሸፍኖታል። ከውጭ ላየው የሠርግ ቤት ይመስላል። እስረኞቹ የሚያድሩት የቪላው ጋራዥ ውስጥ ነው። አባዬ ጋራዥ ውስጥ ነው ሲሉኝ መኪና መጠገን እየተማረ መሰለኝና ለሚኪ አወራሁለት። ሚኪም ለሠፈሩ ልጆች ሁሉ አወራ።

እማዬ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበረች ስንቁን ማለዳ ሠርታ ትሄዳለች። ይዘን የምንሄደው እኔና እማማ ለተብርሃን ነን። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ይጠብቁኛል።

እማማ ለተብርሃን ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የአዲግራት ሰው ነበሩ። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው። ሲያቆላምጡኝ በአገራቸው ቋንቋ "ጓለይ"፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሰሜን ቀርተው ወሬያቸው ከጠፋ ቆይቷል። ስለ እነሱ ማንም አይጠይቃቸውም፤ እሳቸውም አያነሱም። የሚያነሱት ሌላ ነገር ነው።

"እማማ፣ ቧንቧው ደረቀ!" እላቸዋለሁ።

"ተመስገን፣ ትናንት ቀድተናል።"

"ስኳር አልቋል።"

"ተመስገን፣ ቅጠሉ አለ።"

እውነቱን ልናገርና ያናድዱኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ምን ዓይነት ኑሮ ነው" ብለው ቢነጫነጩልኝ እወድ ነበር። እኔ ራሴ ነጭናጫ ነበርኩ፤ አሁንም ያ ጠባይ ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ምሳ ዕቃው ባለ ሦስት ደርብ ነው። ከታች ወጥ፣ ከመሀል እንጀራ፣ ከላይ ቆሎ ይገባበታል። በሩ ላይ እንሰለፋለን። ስም ሲጠራ ወደ አንድ ጢማም ጥበቃ እንቀርባለን። ጥበቃው ወጡን በእንጨት ያማስለዋል፣ እንጀራውን አንድ በአንድ ይገልጠዋል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ቅመሺ" ይለኛል። ከሁሉም እቆርስና እቀምሳለሁ። ይህ ሰው በጣም ደግ ነው ብዬ አምን ነበር። "ያ ጢማሙ ይወደኛል፣ ሁልጊዜ ያበላኛል" ብዬ ለእማዬ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መርዝ እንዳይኖርበት መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ስንጠብቅ ባዶው ምሳ ዕቃ ይመለስልናል። መጀመሪያ ቀን እማማ ለተብርሃን ሲከፍቱት በመሀለኛው ደርብ ላይ አንዲት ጉርሻ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አባዬ ቤት ሲበላ "የመጨረሻዋ የሰብለ ናት" ብሎ አንድ ጉርሻ ያስቀርልኝ ነበር። አፌ የማይችላት፣ ጫፏ የሚፈታባት ትልቅ ጉርሻ ናት። ከጋራዡም ውስጥ ያንኑ ላከልኝ። በየቀኑ ላከልኝ።

ማታ እማዬ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ጉርሻዋ መጣች?"

"መጣች" ስላት ቁጭ ትላለች። ባዶ ሰሐን ማንም ሊመልስ ይችላል። ያቺን ጉርሻ የሚያውቃት ግን አባዬ ብቻ ነው፤ እሷ ከመጣች እሱ አለ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከፊታችን ለነበረች ሴት ጥበቃው "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አላት። ሴትየዋ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ መሬት አዩ፤ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይቻልም ነበር። "ምን ሆነች?" ስላቸው እማማ ለተብርሃን ዓይኔን በእጃቸው ሸፈኑት። ቢሆንም ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰልፉ ላይ ስቆም የእማማ ለተብርሃንን ነጠላ ጫፍ ጨብጬ እይዝ ጀመር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ፀሐዩ ጠናብኝ። መንገዱም የረዘመ መሰለኝ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አመረርኩ። "ሁልጊዜ ሽሮ! ሁልጊዜ ይህ መንገድ! እግዚአብሔር አባዬን ረስቶታል!" አልኩ።

እማማ ለተብርሃን አልተቆጡኝም። እየሄድን ስለ እስራኤላውያን ነገሩኝ። ከባርነት አውጥቶ አገር እሰጣችኋለሁ ብሎ ቃል እንደገባላቸው፣ በበረሃ መና ከሰማይ እያወረደ እንዳበላቸው፣ እነሱ ግን የግብፁ ሽንኩርት ቀረብን ብለው እንዳጉረመረሙ አወሩኝ። "ባጉረመረሙ ቁጥር መንገዳቸው ረዘመባቸው። በቅርብ የሚገባውን አገር አርባ ዓመት ዞሩት" አሉኝ።

"እሱስ ቃሉን ረሳ?"

"እሱማ መች ይረሳል? አልጥላችሁም ያለ አምላክ ነው። የረሱት እነሱ ናቸው።"

እኔ ታሪኩን በራሴ መንገድ ተረዳሁት። አንደኛ፣ ቦሌ ያደገ ልጅ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ሁሉ በአውሮፕላን የሚመጣ ስለሚመስለው፣ መናውን የሚያወርድ አውሮፕላን ታየኝ። በላያችን ዝቅ ብሎ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሆዱን እመለከት ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ጊዜ ባጉረመረምኩ ቁጥር በአባዬ እስር ላይ አንድ ቀን ይጨመራል ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ይስተካከል ነበር፤ ግን ልጅ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ደብቆ መያዝ ይችልበታል።

ምናልባት ነገ ጉርሻዋ ብትቀርስ ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ እማዬን እንዳናስደነግጣት ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሦስት ጉርሻ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ደበቅሁ። በአራተኛው ቀን ጉንዳን ከአልጋው እስከ በሩ ተሰልፎ እማማ ለተብርሃንን መራቸው። ቆርቆሮውን ሲከፍቱት ሻጋታው ጠጉር አውጥቷል። እየሳቁ ያልነገሩኝን የታሪኩን ክፍል ነገሩኝ፤ መናውን ለነገ ያስቀመጡት ሰዎችም ተልቶባቸው ነበር።

"የዛሬዋን ዛሬ ብዪያት ጓለይ። የነገዋን የሚያውቅ አለ" አሉኝ።

ጾሙ ሲጋመስ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጉርሻዋ ተለወጠች። ትንሽ ሆነች። ጠበቅ ተደርጋ ተጠቅልላ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ ተወትፎ መምጣት ጀመረች። በአንድ ጊዜ የምትዋጥ ናት። እማማ ለተብርሃን ትክ ብለው አዩዋትና "ተመስገን" ብቻ አሉ። ለእኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አባዬ ማጉረምረሜን ሰምቶ ተቀይሞኛል። ማታ እማዬ ስትጠይቀኝ "መጣች" አልኳት፤ ማነሷን አልነገርኳትም።

ፋሲካ ደረሰ። ከቡልቡላ እየመጣች ወተት የምትሸጥልን ሴት አባዬ መታሰሩን ሰምታ ኖሮ አንዲት ዶሮ ይዛልን መጣች፤ "ለልጆቹ" ብላ ሰጥታን ሄደች። እማዬ የዶሮውን ክንፍና አንገት ለእኛ አስቀርታ ሥጋውን ከነእንቁላሉ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተችው። መንገዱን ሙሉ ሽታው ሲጠራኝ ሄድኩ። ጢማሙ "ቅመሺ" ሲለኝ በደስታ ቀመስኩ። ዛሬስ አባዬ ታርቆኝ ትልቅ ጉርሻ ከነሥጋው ይልክልኛል ብዬ አሰብኩ።

ምሳ ዕቃው ሲመለስ እኔ ነኝ ቀድሜ የከፈትኩት። የወጡ ደርብ ተጠርጎ ተበልቷል። በመሀሉ ደርብ ላይ ያቺው ትንሽ ጥቅል ተቀምጣለች። ደረቅ እንጀራ ናት። ወጥ የሚባል አልነካትም።

"በፋሲካ!" ብዬ መንገድ ላይ ጮህኩ። "ዶሮውን ጨርሶ ለእኔ ደረቅ እንጀራ! አልፈልግም! ራሱ ይብላት!"

የበዓል ልብስ የለበሱ ሰዎች ዞረው አዩን። እማማ ለተብርሃን ጉርሻዋን አነሷትና አማትበው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ማታ ለእማዬ የሰጧት እሳቸው ናቸው። እማዬ ዓይኗን ጨፍና በላቻት።

ተኝቼ ሳስበው ክው አልኩ። ዛሬ ብቻ ስንት ጊዜ አጉረመረምኩ? ስንት ቀን ጨመርኩበት? በማግሥቱ አፌን ዘጋሁ። ሽሮው ቢያር ዝም፣ ፀሐይ ቢያቃጥለኝ ዝም አልኩ። ኮንጎ የምንላት የላስቲክ ጫማዬ ጠብባኝ ተረከዜን ስትልጠኝም ዝም አልኩ። በሳምንቱ ቁስሉ መገለ። ላለማነከስ ጥርሴን ነክሼ እራመድ ነበር።

አንድ ቀን ከሃያ ሁለት ወደ ታች ስንወርድ እግሬ ከዳኝና ወደቅሁ። እማማ ለተብርሃን ጫማዬን አውልቀው ሲያዩ "ኧረ በማርያም!" አሉ። "ይህ ሁሉ እስኪሆን ምን ዝም አሰኘሽ?"

"እንዳላጉረመርም ነው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። አውሮፕላኑን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኳቸው። በእኔ ምክንያት ስንት ቀን እንደተጨመረበት ነገርኳቸው።

ምሳ ዕቃውን ታቅፈው መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ይስቁ ይሁን ያልቅሱ አላውቅም፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉኝ። "ልጄ፣ አባትሽን ያሰሩት ሰዎች ናቸው። አንቺ አይደለሽም። እግዚአብሔርም በሕፃን ላይ ቀን አይጨምርም።"

"ማጉረምረም ኃጢአት ነው አላሉኝም?"

"ማጉረምረም ማለት ፊትሽን ከእሱ አዙረሽ ረስቶናል፣ ጥሎናል እያልሽ ማውራት ነው። ያመመሽን ፊቱ ቆመሽ ብትነግሪው ግን ሌላ ነው። አባትሽን እግሬን አመመኝ ብትይው ይቆጣል?"

"አይቆጣም። ይሸከመኛል።"

"በይ እንግዲህ።"

ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ለእኔ አደረጉልኝ። እሳቸው በባዶ እግራቸው፣ ምሳ ዕቃውን በአንድ እጅ፣ እኔን በሌላው ይዘው ሄዱ። ቤት ስንመለስ ቁስሉን በሞቀ የጨው ውሃ ሲያጥቡልኝ እንደልቤ ጮህኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ጮኼ አላውቅም።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ጢማሙ የለም። በእሱ ፈንታ አንድ የማናውቀው ወጣት ቆሟል። የአባዬን ስም ስንነግረው ወረቀቱን አየና ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልን።

"ታደሰ የለም። ይዛችሁ ተመለሱ።"

"የት ሄደ ልጄ?" አሉት እማማ ለተብርሃን።

"የለም አልኩ እኮ! ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ። ቀጥሎ!"

የተሰለፉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ አየሁ። እማማ ለተብርሃን እጄን ይዘው ጎተቱኝ። ሙሉ ምሳ ዕቃ ይዘን ስንመለስ የመጀመሪያችን ነበር፤ ክብደቱ እጄን ገነጠለው። መታጠፊያውን አልፈን ከበሩ ስንርቅ እማማ ለተብርሃን ቆሙ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወደቀ፤ አላነሱትም። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ቃል ገብተሃል!" አሉ፣ ጮክ ብለው። "አልጥልም ብለሃል። ስለ ሁለቱ ልጆቼ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ጠብቄሃለሁ። ዛሬ ግን ስለዚህች ልጅ እጠይቅሃለሁ። ያልከውን አድርግ!"

እሳቸውን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ፈራሁ። "እማማ፣ እያጉረመረሙ ነው!" አልኳቸው።

"አይደለም ጓለይ። ፊቱ ቆሜ እየነገርኩት ነው" አሉኝ፤ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። "አንቺም ንገሪው።"

ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ "አባዬን አምጣልኝ" አልኩ። "ጉርሻዋ ደረቅ ብትሆንም ግድ የለኝም።"

ከዚያ ሌላ የምንሄድበት ስላልነበረ ወደ ቤት ሄድን።

ግቢያችን በር ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ አንድ ፀጉሩን የተላጨ ከሲታ ሰው ተቀምጧል። ሚኪ ራቅ ብሎ ጣቱን እየጠባ ያየዋል፤ አላወቀውም። እኔም የለየሁት ኮቱን ነው።

"ሰብለ" አለኝ፣ በዚያው በሚያሾፍበት ድምፁ። "ምሳዬን ይዘሽ ወዴት ወዴት ነው?"

ያን ዕለት ጠዋት ወረቀት አስፈርመው በጓሮው በር አስወጥተውት ኖሯል። እኛ በዋናው መንገድ ስንወርድ እሱ ቀስ እያለ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲመጣ ተላለፍን። እማማ ለተብርሃን ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። "ተመስገን" አሉ። እንደ ልማዳቸው የሚጨምሩበት ነገር ጠፋቸው።

ምሳ ዕቃውን ከፍተን እዚያው በረንዳው ላይ በላን። ሽሮ ነበር። አባዬ ቀስ ብሎ ይበላል፣ ያርፋል፣ ይበላል። በመጨረሻ "የሰብለ" ብሎ ጠቀለለልኝ። ትልቅ ናት፤ ጫፏ ይፈታል። ያን ጊዜ ነው ቂሜ ትዝ ያለኝ።

"እዚያ ሆነህ ግን ለምን አሳነስክብኝ? በፋሲካስ ለምን ደረቅ ላክህልኝ?"

አባዬ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። "ደረቅ ነበር?"

አያውቅም ነበር። ከደብረ ዘይት ጀምሮ እስከ ሰሞኑ ድረስ ተስቦ ይዞት ጋራዡ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። አጠገቡ የሚተኛ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት የለህም ብለው ይዘውታል፤ ቤተሰቡ የት እንዳለ አያውቁም። ስንቅ የሚያመጣለት ስለሌለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአባዬ ጋር ይበላ ነበር። አባዬ ራሱን ሲስት ሽሮውን በጣቱ እያላሰ ያቆየው ሰይድ ነው።

"የመጨረሻዋ የሰብለ ናት ስል ይሰማኝ ነበር" አለ አባዬ። "እኔ ራሴን ሳላውቅ እሱ ይልክልሽ ነበር ማለት ነው።" ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። "በፋሲካ ዶሮ ነበር፤ አይደል? ሰይድ እስላም ነው፤ እኛ ያረድነውን አይበላም። ስንቁ ሁልጊዜ ሽሮ ስለነበረ ነው እስከዚያ ቀን አብረን የበላነው። ዶሮውን ከነእንጀራው ለሌሎቹ ሰጥቷል፤ ለራሱ የቀረችው ያቺ ደረቅ እንጀራ ናት። እሷን ነው የላከልሽ። እሱ ያን ቀን ጦሙን ውሏል ማለት ነው።"

"አልፈልግም" ብዬ የጮህኩበት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ። አባዬ ጉርሻውን ሊያጎርሰኝ ሲል አፌን መክፈት አቃተኝ። ጥሎናል ባልኩበት ቀን ሁሉ አንድ የማላውቀው፣ የማያውቀኝ ሰው ከራሱ አጉድሎ ያበላኝ ነበር። መናውን ከአውሮፕላን ስጠብቅ በምሳ ዕቃ ይመጣልኝ ነበር። ያን ቀን ያለቀስኩት ከሐዘን አልነበረም።

ማታ እማዬ መጣች። ጨለማ ስለነበረ ጥግ የተቀመጠውን አላየችም። ጫማዋን ሳታወልቅ "ጉርሻዋ መጣች?" አለች።

"መጣች" አላት አባዬ።

በማግሥቱ እማዬ ምሳ ዕቃውን አጥባ ቁም ሳጥኑ ላይ ልትሰቅለው ስትል እጇን ያዝኩ። "ለሰይድስ?"

እማዬና አባዬ ተያዩ። አባዬ ከወጣ ገና አንድ ቀኑ ነው። "ምኑ ናችሁ ቢሏቸውስ?" አለች እማዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በሩ ላይ የቆሙት እማማ ለተብርሃን "አክስቱ ነኝ እላለሁ" አሉ።

"እማማ፣ ሊዋሹ ነው?" አልኳቸው።

"ከአንድ ሰሐን ሦስት ወር በልተናል። ምኑ ነው ውሸቱ?"

እማዬ ዶሮ ያልነካውን ድስት ፈልጋ ሽሮ ሠራች። እንጀራውን ከወትሮው አበዛችው።

ጢማሙ ጥበቃ ወደ ቦታው ተመልሷል። "ለማን ነው?"

"ለሰይድ። ለወሎው ሾፌር።"

"ምኑ ነዎት?"

"አክስቱ ነኝ" አሉ እማማ ለተብርሃን፣ በአዲግራት አነጋገራቸው።

ጢማሙ ግንባራቸው ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አየ። ወደ እኔ ዞረ። ሦስት ወር ሙሉ የታደሰ ልጅ ብሎ ነው የሚያውቀኝ። ጥበቃው ምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ ወጡን አማሰለ፣ እንጀራውን ገለጠ።

"ቅመሺ" አለኝ።

ቀመስኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል በአጥሩ ሥር ቆመን ጠበቅን። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ የመሀሉን ደርብ ከፈትኩት። ጠበቅ ብላ የተጠቀለለች፣ ጫፏ ወደ ውስጥ የተወተፈ፣ ትንሽዬ ጉርሻ። ዛሬ ወጥ ነክቷታል።

"ተመስገን" ብዬ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ በላኋት።